አምባር የማይታሰርበት ስፍራ

ሐሙስ ከሰባት ሰዓት በኋላ በኮምቦልቻ ሥራ አይሠራም። የፋብሪካው ማሽኖች ይቆማሉ፤ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ሐኪሙና በሽተኛው ጎን ለጎን እየተራመዱ ወደ ብሥራት አዳራሽ ይሄዳሉ። ነገሩ ግዴታ የሆነበትን ቀን ለይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። መጀመሪያ ሕዝቡ ደስ ብሎት ይሄድ ነበር፤ ቀጥሎ ስለ ለመደ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ የቀረ ሰው ስለ ምን እንደ ቀረ ይጠየቅ ጀመር። በሦስቱም ዘመን የአዳራሹ በር ያው አንድ በር ነበረና ሰው ሲገባ ልዩነቱን አላስተዋለም።

መሬማ ይመር በአራተኛው ረድፍ፣ በግድግዳው በኩል ተቀምጣለች። የኀምሳ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ትፈትሻለች። እንደ ሰፈሯ እንደ ማዶ ሰፈር ሰው ሁሉ በግራ እጇ አምባር አጥልቃለች። በማያ ገጽ የሚጫወቷቸው አዳዲስ ጨዋታዎች በሚበሠሩበት ጊዜ አምባሩ የልብን መነካት ይመዝናል፤ የእያንዳንዱ ሰው ቁጥር በአምባሩ ላይ፣ የአዳራሹ ቁጥር ደግሞ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ይጻፋል። ቁጥሩ ከፍ ያለለት ጨዋታ ይሠራል፤ ዝቅ ያለበት ይጣላል። አምባሩ የሚወልቀው በሁለት ስፍራ ብቻ ነው፤ በመታጠቢያ ቤትና በለቅሶ ቤት። ሁለተኛው የተፈቀደው የሰፈሩ ቅሬ ተከራክሮ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። አምባሩ ገና ሲታደል የቅሬው ሽማግሌዎች «ቅሬ በተቀመጠበት ጌጥ አይደረግም፤ ይህም ጌጥ ነው» ብለው በጽሑፍ አስገቡት፤ ከዚያም እንደ ብዙ መልካም ነገር ተጽፎ ተረሳ።

የመጀመሪያው ብሥራት ታየ። አዲስ ጨዋታ ነው፤ ስሙ «የደመና ገበሬ»። ተጫዋቹ በሬዎቹን ጠምዶ ሰማይ ያርሳል።

«ምድሩን ለማን ትቶ ነው?» አለች እትዬ ሎሚ ከመሬማ ጎን። እትዬ ሎሚ ሰባውን የተሻገረች፣ አንደበቷ ግን ያልሸበተ ጎረቤት ናት። «እሱም እዚያ ላይ ሆኖ ማዳበሪያ እስኪመጣ ሲጠብቅ ክረምቱ ያልፍበታል።»

አዳራሹ ሳቀ። የግድግዳው ቁጥር ከሃያ ወደ አርባ ሁለት ወጣ።

«አየሽ እትዬ ሎሚ? አንቺ ስትሰድቢው ሊሠራ ነው» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ።

«እንግዲያው ላመስግነውና ይቅር!»

ይህ ቀልድ ብቻ አልነበረም። አምባሩ ስላቅን ከአድናቆት፣ ቁጣን ከፍቅር አይለይም። የተሳለቀውም፣ ያበደለትም፣ የተራገመውም ልቡ እስከ ተነካ ድረስ ያው ቁጥር ይጻፍለታል። ጨዋታዎቹን የሚሠራው «ወሰን የለሽ» የተባለው ድርጅት ይህን እንደ ፍትሕ ይቈጥረዋል፤ ሚዛን አያዳላም ይላል።

ቀጥሎ «የግንብ አፍራሾች» አምስተኛ ክፍል ተበሠረ። የኋላው ረድፍ ተነሥቶ ጮኸ።

«አራተኛው ገና በሩ አይከፈትም!»

«ሦስተኛው ላይ የቀረ ወንድም አለኝ፤ አውጡልኝ!»

«አፍራሾቹ ራሳችሁ ናችሁ!»

ኀምሳ ስምንት። ሰዎቹ ስድባቸውን ጨርሰው ረክተው ተቀመጡ፤ አምስተኛው ክፍልም በስድባቸው ጸደቀ።

በመጨረሻ ጨለማ ሆነ። ከጨለማው ውስጥ የግመል ቃጭል ተሰማ። ማዶ ሰፈር ይህን ቃጭል በእንቅልፉም ያውቀዋል። «የጨው መንገድ» ነው፤ ከተሠራ ሃያ ስድስት ዓመት የሆነው፣ ሰው በቅፍለት ሆኖ ከጨው ሜዳ ወደ ደጋ የሚጓዝበት ጨዋታ። በማያ ገጹ ላይ የአንድ ሰው ጀርባ ታየ፤ ጋቢውን በአንድ ትከሻው ጥሎ፣ በትሩን በአንገቱ ላይ አጋድሞ ሁለት እጆቹን የሰቀለበት። ድምፅም መጣ፤ «በሚቀጥለው ሐሙስ አዲስ ተቀጥላ ታሪክ። መሪው ይመለሳል።»

አራት መቶ ሰው በአንድነት ብድግ አለ። እልልታው ጣሪያውን መታው፤ ቁጥሩ ዘጠና አንድ ደረሰ። ከዚያም በመሬማ አቅራቢያ ያሉት አፋቸውን ያዙ፤ ከእነሱ ቀጥለው ያሉት ዘወር ብለው አይተው ያዙ፤ ዝምታው እንደ ውኃ ከአራተኛው ረድፍ እየተስፋፋ እስከ በሩ ደረሰ። የዚያ ጀርባ ባለቤት፣ አካሉንና ድምፁን ለቅፍለቱ መሪ የሰጠው፣ የመሬማ ታላቅ ወንድም እንድሪስ ይመር ነበረ፤ እንድሪስም ከሞተ ሠላሳ ሦስት ቀኑ ነው።

ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አልተረዳም። በማዶ ሰፈር ማወቅና መረዳት ሁለት ነገር ናቸው። የቅሬው ዳኛ ከነሽማግሌዎቹ መጥቶ መርዶውን በቃሉ እስኪናገር ድረስ ሟቹ እንደ ሕያው ይጠየቃል፤ ምንጣፍ አይነጠፍም፤ ማንም «አላህ ያጽናሽ» አይልም። እንድሪስ አዲስ አበባ ሆስፒታል አርፎ ከመሬማ በቀር ዘመድ ሳይቆም የቀበረው ድርጅቱ ነው። ገና በሠላሳ ዓመቱ ሳያነብ በፈረመው ውል ሞቱን የሚያስታውቀው ድርጅቱ ነበርና። ቅሬው መርዶውን እንዲያቆይ ተለመነ፤ አቆየም።

ከአዳራሹ ሲወጡ የጎረቤቶቿ ሥርዓት አልጎደለም።

«እንድሪስ እንዴት ነው?» አሏት አንድ ሽማግሌ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ።

«ደኅና ነው፤ አልሐምዱሊላህ።»

ሠላሳ ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ብላ መልሳለች።

በማግሥቱ ቃልአብ የተባለው የአዳራሹ ኃላፊ ወደ ቤቷ መጣ። የሠላሳ ዓመት ትሑት ሰው ነው፤ ከደጅ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ቁጭ በል እስኪባልም ቆሞ ጠበቀ።

«ወይዘሮ መሬማ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ የዘመድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ይህ ለሰፈሩም ክብር ነው።»

«ባልቀመጥስ?»

«የቀረ ዘመድ እንደ ፈቀደ ይቈጠራል።»

«ተቀምጬ አልፈቅድም ብልስ? በአፌ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ቃልአብ አፈረ። «የአፍ ቃል አይመዘንም። አፍ ይዋሻል ነው የሚሉት። አምባርዎ ከስልሳ በላይ ካሳየ ልብዎ ተቀብሎታል ማለት ነው፤ እንድሪስም ወደ ተቀጥላው ይገባል። ከስልሳ በታች ከሆነ ይቀራል።»

«ባለቅስ?»

«ልብ ነው የሚመዘነው።»

«በቁጣ ብሞትስ?»

«ያው ነው።»

መሬማ ክር እንደምትፈትሽበት ዓይን ትክ ብላ አየችው። እንግዲህ እምቢ የሚባልበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በወንድሟ ፊት ተቀምጦ እንደ ድንጋይ መሆን። ይህን ሕግ የጻፈው ሰው ክፉ ይሁን ሰነፍ ለመለየት አልቻለችም፤ ክፋት ሲሰንፍ ምን እንደሚመስል ግን ዐወቀች።

«ሐሙስ አርባው ነው» አለች።

«አውቃለሁ። ቀኑ የተመረጠው... የሰው ልብ በአርባው ዝግጁ ነው ብለው ነው።» ድምፁ ዝቅ አለ። «እኔ ልጅ ሆኜ በእሱ ቅፍለት ነው ያደግሁት፣ ወይዘሮ መሬማ። ግመሌ ሲጠፋብኝ ‹አይዞህ፣ ግመልም አንዳንድ ጊዜ ብቻውን መሆን ይፈልጋል› አለኝ። ከአባቴ ይልቅ የእሱን ድምፅ አውቃለሁ።»

ከዚያም የተቀጥላውን ናሙና በስልኳ ላይ አሳያት። እንድሪስ በጨው ሜዳ ላይ ቆሟል። ፊቱ ራሱ ነው፤ ሽበቱም የራሱ ነው። «መሬ» አላት፤ ከእሱ በቀር እንዲህ የሚጠራት አልነበረም። «መሬ፣ መንገዱ ገና ነው፤ አዲሱን ኮርቻ አየሽልኝ?»

አምባሯ ሰባ አራት ጻፈ።

«ይኼ እሱ አይደለም» አለች ድምፅዋን አጽንታ። «እንድሪስ በሁለት ቃል መካከል ሳይስል ተናግሮ አያውቅም። ከልጅነቱ ጀምሮ ደረቱ ታማሚ ነበር። ይኼ የማይስል እንድሪስ ነው።»

ቃልአብ በያዘው የማያ ገጽ ሰሌዳ ላይ አንድ ነገር ጽፎ እጅ ነሥቶ ሄደ። መሬማ የተናገረችውን የተረዳችው ዘግይታ ነው።

ናሙናው በእጇ ቀረ። ከቅዳሜ ጀምራ በእሱ ራሷን ታስለምድ ጀመር። ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ታየዋለች፤ በፋብሪካው ክሩ በጣቶቿ መካከል እየሮጠ ታየዋለች፤ ሽንኩርት እየከተፈች ታየዋለች። መሬ፣ መንገዱ ገና ነው። ሰባ አራት የነበረው ቅዳሜ ማታ ሳይደርስ ሰባ ሆነ፤ እሑድ ስልሳ ስድስት፤ ሰኞ ኀምሳ ዘጠኝ። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት አርባ ስምንት ጻፈ። መሬማ ደስ ሊላት ሲገባ ዳቦዋን አስቀምጣ ተነሣች። ያስለመደችው ምን እንደ ሆነ ገብቷታልና፤ በወንድሟ ፊት ዓይኗ እንዳይርስ፣ ስሟን ሲጠራት ልቧ እንዳይመልስ። ድርጅቱ የወንድሟን አምሳል ሊወስድ መጣ፤ እሷም አላስወስድም ብላ ወንድምነቱን በገዛ እጇ ትፍቀው ነበር።

በሆስፒታሉ የነገራት ትዝ አላት። እንድሪስ ጭንብሉን ከአፉ አውርዶ፣ በሁለት ሳል መካከል፣ «መሬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት መራሁ፤ ደክሞኛል» አለ። «ከሞትሁ ወዲያ አያስኬዱኝ። ሰው የሚያርፈው አንድ ጊዜ ነው፤ አሳርፊኝ።» እሷም «አብሽር፣ አሳርፍሃለሁ» ብላለች።

ረቡዕ ከሥራ ወጥታ ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ጋሽ ዘገየ ቤት ሄደች። ጋሽ ዘገየ የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ቢሆኑም የሰፈሩን እስላምም ክርስቲያንም እኩል ሲቀብሩ ኖረዋል።

«እንዴት ዋልሽ መሬማ ልጄ? እንድሪስ እንዴት ነው?»

መሬማ በበሩ ላይ ቆመች። «ሞቷል ጋሽ ዘገየ። እርስዎ እንደሚያውቁት ሞቷል።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዘመድ ለራሱ መርዶ አይናገርም።»

«የሚናገርልኝ ሲጠፋስ?»

«ቃል ሰጥቼ ነው። እስከ ብሥራቱ ቀን አልናገርም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ስለ ምን ሰጡ?»

ጋሽ ዘገየ በደጃቸው ወዳለው ዋርካ ተመለከቱ። «ሰፈራችን በጨዋታው ውስጥ ሊገባ ነው አሉን። የቦርከና ድልድይ፣ መስጊዱ፣ የጊዮርጊስ በር፣ ይህ የእኔ ዋርካ ሳይቀር። የእኛን መንደር የዓለም ሰው ያየዋል አሉን። ሽማግሌ ሞኝ ነው ልጄ፤ ሊሞት ሲል መታየት ያምረዋል።»

«ድልድዩማ እዚያው አለ ጋሽ ዘገየ። ማየት የፈለገ መጥቶ ይይ።»

«እውነትሽን ነው።» ሽማግሌው ተነሡ። «ውኃ ላምጣልሽ።»

እሳቸው ወደ ጓዳ ሲገቡ መሬማ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቅሬውን ሕግ አየች። አሥራ አንድ አንቀጽ በእጅ የተጻፈበት፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ሰሌዳ ነው። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሰባተኛው ስለ ጌጥና ስለ አምባር ይላል። ዘጠነኛው እንዲህ ይላል፤ «በተሰበሰበ ቅሬ ፊት ሦስት ጊዜ ለጠየቀ ዘመድ መርዶ አይደበቅም። ዳኛው የሰጠው ቃል ቢኖር ይህ ይበልጣል።» ቅሬው በአንድነት ተሰብስቦ ካየች ስንት ዓመት እንደ ሆነ አሰበች። የቅሬው ስብሰባ ሐሙስ ነበረ፤ ሐሙስን አዳራሹ ወሰደው። ዛሬ ማዶ ሰፈር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኘው በአንድ ስፍራ ብቻ ነው።

ውኃውን ጠጥታ አመስግና ወጣች። ስለ ሰሌዳው አልጠየቀችም። አርባ ስምንት ላይ ደርሳለች፤ በዚያው በጸጥታ ቢያልቅላት ትመርጣለች።

ሐሙስ ደረሰ። የዘመድ ወንበር ከመጀመሪያው ረድፍ ፊት ለብቻው ተቀምጧል፤ ቀይ ጨርቅ አልብሰውታል። መሬማ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ተቀመጠች። የእሷ ቁጥር በግድግዳው ላይ ከአዳራሹ ቁጥር ይልቅ ገዝፎ ተጽፏል፤ ሠላሳ አንድ።

«ነጠላሽን አስተካክይው እኅቴ፤ የአገሩ ሰው ሁሉ እያየሽ ነው» አለቻት እትዬ ሎሚ ከኋላ በሹክሹክታ። ቀጥላም «አይዞሽ» አለች፤ ይህም ከሥርዓት ውጭ ነበር።

ቃጭሉ ተሰማ። የጨው ሜዳው ነጣ። እንድሪስ ከሩቅ እየመጣ፣ እየቀረበ፣ በትሩን ከአንገቱ አውርዶ ቆመ። አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ። መሬማ እጆቿን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ክር ታስብ ጀመር፤ ነጭ ክር፣ ቋጠሮ የሌለው፣ መጨረሻ የሌለው። አርባ። አርባ ሦስት።

«መሬ» አለ እንድሪስ።

አርባ አምስት። እዚያው ቆመ። አንድ ሰው ከኋላ «ተመስገን» ሲል ሰማች።

«መሬ፣ መንገዱ...» አለ እንድሪስ፤ ከዚያም ሳለ።

በቀኝ እጁ ጭብጥ አፉን ሸፍኖ፣ ትከሻው ሁለት ጊዜ ተነቅንቆ፣ ሲጨርስም እንዳፈረ ሰው ፈገግ ብሎ። ልክ እንደ እሱ። በሆስፒታሉ አልጋ ላይ እንደ መጨረሻው ሳል። «...መንገዱ ገና ነው።»

ሳሉን የሰጠቻቸው እሷ ናት። በገዛ አፏ።

ኀምሳ። ኀምሳ ሦስት። ክሩ ተበጠሰ፤ ልቧን የሚይዝ ነገር አልቀረም። እንባዋ ከወረደ ፊርማ ነው። መሬማ ብድግ አለች። ጀርባዋን ለማያ ገጹ ሰጥታ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ጋሽ ዘገየ! ወንድሜ የት ነው?»

አዳራሹ ደነገጠ። ጋሽ ዘገየ በሦስተኛው ረድፍ በከዘራቸው ላይ ተደግፈው ቀና አሉ።

«ወይዘሮ መሬማ፣ እባክዎ ይቀመጡ» አለ ቃልአብ ከበሩ አጠገብ። «ብሥራቱ አላለቀም።»

ኀምሳ አምስት። ከኋላዋ እንድሪስ ስለ ግመል ኮርቻ ይናገራል፤ ይስላልም።

«ጋሽ ዘገየ፣ በቅሬው ፊት እጠይቅዎታለሁ። ወንድሜ የት ነው?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዘጠነኛውን አንቀጽ የሚያውቁት ጥቂቶቹ ነገሩ ገብቷቸው ለመርዶው ቆባቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ቃልአብ የወንበሮቹን ረድፎች እየታከከ ወደ ፊት ይመጣ ነበር። ኀምሳ ሰባት።

«ሦስተኛዬ ነው!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «እናንተ ሰዎች፣ አርባ ቀን ሙሉ እንዴት ነው እያላችሁ ጠይቃችሁኛል። አሁን እኔ ልጠይቅ። እንድሪስ ይመር የት ነው?»

ጋሽ ዘገየ ተነሡ። ከዘራቸውን አጥብቀው ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«መሬማ፣ ልጄ፣ ጽኚ። ወንድምሽ እንድሪስ ከዚህ ዓለም ተለይቷል። አርባ ቀኑ ነው። ቀድመን ልንነግርሽ ሲገባ ስለ ከንቱ ነገር የደበቅን እኛ ነን፤ ይቅር በዪን። ቅሬው ይቀመጥ!»

ይህን ሲሉ የግራ እጃቸውን አንሥተው አምባራቸውን አወለቁ። ማንም ምን ይደረግ ብሎ አልጠየቀም፤ ሰው በለቅሶ ቤት ምን እንደሚያደርግ እጁ ያውቃልና። እትዬ ሎሚ አወለቀች፤ ወደ ፊት መጥታም የመሬማን አምባር ከእጇ ስባ በቀይ ወንበሩ ላይ ጣለችው። አራት መቶው አምባር ሲወልቅ እንደ በረዶ ዝናብ ተንኳኳ። ወንበሮቹ ተገፉ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ገልብጠው ለበሱ፤ ሰዉ በወለሉ ላይ ተቀመጠ። በግድግዳው ላይ የነበሩት ሁለት ቁጥሮች ጠፍተው ባዶ ሰረዝ ቀረ።

«ይኼ እኮ አዳራሽ ነው!» አለ ቃልአብ። «ለቅሶ ቤት አይደለም፣ አባቴ።»

«ቅሬ የተቀመጠበት ሁሉ ለቅሶ ቤት ነው» አሉ ጋሽ ዘገየ እየተቀመጡ። «የራሳችሁ ማኅተም ያለበት ወረቀት ቤቴ አለ፤ ሰባተኛውን አንብብ።»

ቃልአብ በእጁ ባለው ሰሌዳ ላይ ፈለገ፤ አገኘ፤ ሁለት ጊዜ አነበበ። «እንግዲያው የዘመድ ሚዛኑ የሚወሰደው ለቅሶው በተነሣ ማግሥት ነው» አለ በመጨረሻ፤ ከሰሌዳው ላይ እያነበበ ነበር። «እስከዚያ ተቀጥላው ይቈያል።»

«ሲነሣ እናስታውቅሃለን።»

በማያ ገጹ ላይ እንድሪስ አሁንም ይናገር ነበር። ቀልድ ነገረ፤ ያንኑ የታወቀ የግመል ቀልዱን፤ ሰው ለማሳቅም ቆም አለ። ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠው ሕዝብ አልሳቀለትም።

መሬማ በእትዬ ሎሚና በግድግዳው መካከል ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ባዶ እጇን አየች፤ አምባሩ የነበረበት ቆዳ እንደ ሕፃን ቆዳ ነጥቷል።

«አልቅሺ እንጂ» አለቻት እትዬ ሎሚ። «አሁን ማን ይቈጥርብሻል?»

መሬማም አለቀሰች። የአርባ ቀኑን አለቀሰች፤ በናሙናው ፊት ያደረቀችውንም ጨምራ፤ ስሙን እየጠራች፣ ሳሉን እያነሣች፣ «ወንድሜ፣ አሳርፍሃለሁ ብዬህ» እያለች። ሰዉም እየተቀበለ አለቀሰ። አንድ ለቅሶ በማንም ሚዛን ላይ ሳያርፍ በማዶ ሰፈር ከተለቀሰ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር።

ያ ለቅሶ እስከ ዛሬ አልተነሣም። አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ኢማሙ በሦስተኛው ቀን መጥተው ከዚያ በላይ ማዘን እንደማይፈቀድ አሳሰቡ፤ ሟቹን መጠበቅ ግን በቀን የማይወሰን መሆኑን ጨምረው ተናግረው የራሳቸውን ምንጣፍ አነጠፉ። ሰፈሩ ተራ ገባ፤ ጠዋት ሁለት ሰው፣ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰው፣ ሐሙስ ሁሉም። ጋሽ ዘገየ በሁለተኛው ዓመት ሞቱ፤ መርዷቸው በዕለቱ ተነገረ፤ ለቅሷቸውም በዚያው አዳራሽ በእንድሪስ ለቅሶ ላይ ተደረበ። ቀይ ወንበሩ አቧራ ጠጥቷል፤ የመሬማ አምባር ከወደቀበት አልተነሣም። የቦርከና ድልድይ በጨዋታ ውስጥ አልገባም፤ ሰዎች ይሻገሩበታል።

ድርጅቱ በየሳምንቱ መልእክተኛ ይልካል። ቃልአብ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል፤ አሁን የሚመጣው ሌላ ሰው ነው፤ ሰሌዳውን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሞ ያንኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ባለፈው ሐሙስም ጠየቀ።

«እናቶቼ፣ ለቅሶው መቼ ነው የሚነሣው?»

እትዬ ሎሚ መሬማን አየቻት፤ መሬማም በምንጣፉ ላይ ጠጋ ብላ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀች።

«ገና መቀመጣችን ነው ልጄ» አለችው። «ጫማህን አውልቅ፤ ያን አምባርህንም አውልቅና አረፍ በል።»